ምጡንም ቀዶ ጥገናውንም አይቻለሁ
ስለ ቀዶ ጥገና ወሊድ የወጣው ጽሑፍ «በቀዶ ጥገና የምትወልድ እናት ከምጥ ሕመም ትድናለች» ማለቱ ምጥ ከጀመረ በኋላ ሳይታቀድ ለሚደረገው ቀዶ ጥገና ፈጽሞ አይሠራም። እኔ አንኮበር ሌሊቱን ሙሉ ሳምጥ አድሬ፣ የማኅፀኔ በር 10 ሴንቲ ሜትር መከፈት ሲገባው 7 ላይ ስለ ቆመ፣ በአምቡላንስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱንና ጠመዝማዛውን ተጉዤ ደብረ ብርሃን ስደርስ የፅንሱ የልብ ምት ከጤናማው መጠን፣ በደቂቃ ከ110፣ በታች ወርዶ ነበር። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን መርፌ ስወጋ እንኳ ምጡ እየመጣብኝ ስለነበር ጎንበስ ብዬ መቆየት አቅቶኝ አዋላጇ ትከሻዬን አቅፋ ያዘችኝ፤ ያቺን እጅ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ቤት ስገባ ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያሉኝ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ሳላምጥ የወለድሁ አድርገው ሲያወሩ መስማቱ፣ ለማሳል ስፌቱን በትራስ ደግፌ ለነበርሁት ለእኔ ከቁስሉ ይልቅ አመመኝ። ከእኔ በፊት «አንዴ በቀዶ ጥገና የወለደች ሁልጊዜም እንደዚያው ናት» ላሉት አስተያየት ሰጪም፣ ይህ እንደ ማኅፀኑ ጠባሳ ዓይነትና እንደ ቀዶ ጥገናው ምክንያት ይለያያል፤ ብዙ እናቶች ቀጣዩን በምጥ ይወልዳሉ፣ ሆኖም ጠባሳው በምጥ ጊዜ ሊተረተር ስለሚችል፣ መውለድ ያለባቸው ቀዶ ጥገና በሚሠራበት ሆስፒታል ነው።