ለመጀመሪያው ካርታ ጀግኖች

ጀግና በማብቀል እኛ ሰሜን ሸዋዎች ከማንም አናንስም። አሁን ደግሞ አዲስ ዓይነት በቅሎልናል፤ በፖከር ውድድር ገና የመጀመሪያው ካርታ ሲታደል ቺፕ የሚሉትን የመወራረጃ ጠጠር ያለውን ሁሉ በሁለት እጁ ወደ መሀል ገፍቶ «ሁሉንም!» የሚል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ማታ ካርታ በሚበወዝበት ቤት ሁሉ ቢያንስ አንድ አይጠፋም። ለእነዚህ ሰዎች እስከ ዛሬ አንድ የምስጋና ቃል የጻፈ አለመኖሩ ያሳፍራል።

በቅድሚያ ልግስናቸው ይነገር። ውድድሩ ሲጀመር ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10,000 ቺፕ ይሰጣል እንበል። ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚያዘው መደብ፣ ብላይንድ የሚሉት፣ 25 እና 50 ነው። መሀል ላይ የተቀመጠው ሀብት በጠቅላላ 75 ቺፕ ነው ማለት ነው። ጀግናችን ይህችን 75 ለመብላት 10,000ውን ያስይዛል። ሌላው ሁሉ ካርታውን ጥሎ ቢሸሽለት 75 ይበላል፤ በዚህ አካሄድ ሀብቱን እጥፍ ለማድረግ 134 ጊዜ ማንም ሳይነካው ማለፍ ይኖርበታል። የማይሸሸውስ ማን ነው? ጥንድ አስ ወይም ጥንድ ንጉሥ የያዘው ነዋ! ከደካሞች ሽርፍራፊ ይለቅማል፤ ከጠንካራው ጋር ግን ንብረቱን በሙሉ አስይዞ ይገጥማል። በዚህ የኑሮ ውድነት ዘመን እንዲህ ያለ ቸርነት ከየት ይገኛል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የእኛዎቹ ማፍሰሱን ለራሳቸው ይዘው መልቀሙን ለጎረቤት ትተዋል።

በቅርቡ ያየሁትን ላውጋችሁ። ጋቢውን በትከሻው ያጣፋ ጎልማሳ የካርታዎቹን ጫፍ ቀና አድርጎ አየ። ዘጠኝና ሰባት ናቸው፤ ዓይነታቸው እንኳ አይመሳሰልም። አረቄውን ጨለጠ፤ ብርጭቆውን ገለበጠ፤ ከዚያም ቺፑን እንደ ክምር ገፋው። አንዷ ቺፕ ተንከባልላ አግዳሚው ሥር ገባች፤ ተጎንብሶ አውጥቶ እሷንም ጨመራት። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ጡረተኛ መምህር መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ካርታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ፤ «እንግዲህ ልከተል መሰለኝ» አሉና ሁለት አስ ዘረጉ። ነገሩ ሁሉ ቆሎው ተዘግኖ እስኪቆረጠም ድረስ እንኳ አልፈጀም።

«ምነው ልጄ፣ ወንበሩ ሳይሞቅ?» አሉት የቤቱ ባለቤት።

«እትዬ፣ ወንድ ልጅ ካርታ አይመርጥም!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። መምህሩን ያጨበጨበላቸው አልነበረም። አስ ይዞ መከተል ምን ጀግንነት አለው?

ከተማችን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለቤት ናት፤ ስለዚህ ተበልቶ የወጣ ሰው በጊዜ ቤቱ ገብቶ ቢሸፋፈን ማንም አይወቅሰውም። ጀግናችን ግን አይሄድም። ከመበላት በኋላ ያለው አገልግሎቱ ነው በእውነት የሚደንቀው። ከተጫዋቾቹ ጀርባ ይቆምና «ጣለው!»፣ «ፈራህ እንዴ?»፣ «እኔ ብሆን እዚህ ላይ ነበር የምጨርሰው» እያለ ያማክራል። እሱ የጨረሰው የት ላይ እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን የአማካሪው ቁጥር ከተጫዋቹ ይበልጣል፤ ጠረጴዛው ላይ አራት ሰው፣ ከጀርባቸው ደግሞ አንድ ሙሉ ምክር ቤት።

ማስረጃም ሞልቷቸዋል። ክሪስ መኒሜከርን ይጠቅሳሉ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋሱ የዓለም ውድድር 839 ሰዎች ተሰልፈው እሱ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ሰውየው በሙያው የሒሳብ ሠራተኛ እንደነበር ሲነገራቸው ወሬ ይለውጣሉ። ባዶ ካርታ ይዞ ተቀናቃኙን ያስደነገጠባት ያቺ የታወቀች ጨዋታም የመጣችው ከ839ኙ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ነው፤ የእኛዎቹ ለዚያ ሰዓት የተሠራውን ጥይት በመክፈቻው ደቂቃ ይተኩሱታል። ቴሌቪዥን ለሰዓታት ካርታ የጣለውን ሰው ቆርጦ የገፋውን ብቻ ያሳያል፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው። ሌላው ማስረጃቸው ጃክ ስትራውስ ነው፤ በ1982 እ.ኤ.አ. አንዲት ቺፕ ብቻ ቀርታው ተነሥቶ ዋንጫውን እንደበላ ይተረካል። የኛዎቹ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ከስትራውስ ይልቃል፤ ያቺን አንዲት ቺፕ እንኳ ከአግዳሚ ሥር ፈልገው ያስይዟታል።

«ጠንካራ ካርታ ይዤ ነው የምገባው» የሚል ጨዋ ጀግናም አለ። ይሁንለት። ጥንድ ንጉሥ ይዞ ጥንድ ዘጠኝ ቢገጥመው ከመቶ 80 ያህል ያሸንፋል፤ ግሩም ነው። ይህንኑ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ቢያደርገው ግን ሦስቱንም የማለፍ ዕድሉ 51 በመቶ ይሆናል። ሳንቲም ወርውሮ ቢለይ ድካሙ ይቀንስለት ነበር። ደግሞ የውድድር ቺፕ ብር አይደለም። በመጀመሪያው ሰዓት ቺፑን እጥፍ ያደረገ ሰው የሽልማት ተስፋው እጥፍ አይሆንለትም፤ ሌሊቱ ገና ነውና። ቺፑን የጨረሰ ግን ተስፋውን ከነሥሩ ነቅሏል። ጣርማ በር ላይ ደርሶ ቁልቁለቱን በፎሌ የለቀቀ ሾፌር ደብረ ሲና ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፤ ተሳፋሪው ግን ጉዞው ሸዋ ሮቢት ነው።

ፈሪዎቹንም መርሳት ግፍ ነው። ሁለት አስ ካልመጣለት ጣቱን የማያነሣ ተጫዋች አለን። ሁለት አስ በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ይመጣል። በእጅ እየተበወዘ በሰዓት ሠላሳ ያህል ቢታደል ከሰባት ሰዓት በላይ መጠበቅ ነው፤ ብላይንዱ ደግሞ በየሃያ ደቂቃው እየጨመረ የጸሎተኛውን ቺፕ ይግጣል። በመጨረሻ አሱ ሲመጣ የሚያስይዘው የለውም። ነገር ግን ይህ ሰው ቢያንስ ዝም ብሎ ይሞታል፤ ማንንም አያማክርም።

መምህሩስ? እሳቸው አንድም ጊዜ «ሁሉንም!» ሲሉ ሳይሰማ ነው እኩለ ሌሊት ላይ የደረሱት። በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉም ሰው የፈራ ሲመስላቸው 150 ይጨምሩና መሀሉን ይበላሉ። አንዱ ቀና ብሎ ከተቃወማቸው ካርታቸውን ያለ ቁጭት ጥለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ጥንድ ሦስት ወይም ጥንድ አራት ሲደርሳቸው በ50 ገብተው ለሁሉም መሀል ላይ ከሚገለጡት ካርታዎች ሦስተኛው እስኪመጣ ያደባሉ፤ ካልመጣ 50 ከሰሩ፣ ከመጣ የአንዱን ጀግና ጎተራ ወረሱ። ማጥቃቱን እያጠቁ ነበር፤ ግን ቀረርቶ አልነበረውም። ካርታ የጣለ ሰው «ዘራፍ!» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የሚያጨበጭብ እጅ እኛ ዘንድ አልተፈጠረም። ጭብጨባ የለመደ ሰው ደግሞ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ትንንሽ ውሳኔ ከሚወስን ከነጋቢው በአንድ ጊዜ ቢቃጠል ይመርጣል።

በዓመት አንዴ፣ በቅዱሳኑ ፈቃድ፣ ዘጠኝና ሰባቱ አሱን ያሸንፋል። ያን ጊዜ ከአንኮበር እስከ መሐል ሜዳ ዘመድ ያለው ሁሉ ይሰማል፤ «አልነገርኳችሁም?» ይባላል። በሌሎቹ ቅዳሜዎች የሆነው ግን የዕድል ሥራ ነው። ሲበላ ብልሃቱ፣ ሲበላበት ዕድሉ! እንዲህ ዓይነት የሒሳብ መዝገብ ያገኘ ነጋዴ ዕዳ አያውቅም ነበር።

አዘጋጆቹ እነዚህን ሰዎች ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም፤ እውነታቸውን ነው። በመጀመሪያው ሰዓት የተበላ ሰው እንደገና ከፍሎ መግባት ይፈቀድለታል፤ ጀግናችንም ይከፍላል፤ ይገፋል፤ ደግሞ ይከፍላል። መምህሩ በዚያ ሌሊት የወሰዱት የአንደኛነት ሽልማት ጉልህ ድርሻው ከዚያ ጋቢ ሥር የወጣ ነው። ሲወጡም እጁን ይዘው ሞቅ አድርገው አመሰገኑት፤ ከምራቸው ነበር። እሱም «መምህር፣ ጨዋታዎ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ድፍረት ብቻ ይጎድልዎታል» ብሎ መከራቸው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ለአዘጋጆቹ አንድ ትንሽ ማሳሰቢያ አለኝ፤ የጀግናው ወንበር ከበሩ አጠገብ ይደረግለት፤ በወጣ በገባ ቁጥር የሰው እግር እየረገጠ ነው።