ለተሸጠው ሰንጋ 214 ዶላር፣ በረት ለቀረው 33

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በኮቪድ ለተጎዱ ገበሬዎች 16 ቢሊዮን ዶላር በቀጥታ ለመክፈል ማመልከቻ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 2020 ነበር። ገንዘቡ መሰጠቱ ተገቢ ነው፤ በወራት ውስጥ ገበሬው እጅ መግባቱም ያስመሰግናል። ስሌቱ ግን ትልቁን ጉዳት ያየውን ትቶ ቀድሞ ለሸጠው አደላ። ከብት አድላቢና አሳማ አርቢ በበዛበት በሰሜን ምዕራብ አዮዋ፣ ሱ በተባለው ካውንቲ፣ ይህ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ደንቡ እንዲህ ይል ነበር። ለዕርድ የደለበ፣ ከ1,200 ፓውንድ (544 ኪሎ ገደማ) በላይ የሚመዝን ሰንጋ ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ከተሸጠ 214 ዶላር ይታሰብለታል። ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 በረት ውስጥ ላለ ከብት ግን 33 ዶላር ብቻ። 100 ሰንጋ ኤፕሪል 10 የሸጠ ሰው 21,400 ዶላር ሲደርሰው፣ ጎረቤቱ ያንኑ ያህል ሰንጋ ኤፕሪል 20 ቢሸጥ 3,300 ያገኛል።

ልዩነቱ የመጣው ገንዘቡ ከሁለት ቋት ስለወጣ ነው። ኮንግረስ በማርች 2020 ባጸደቀው ሕግ የተመደበው እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ለወረደው ዋጋ ማካካሻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ላለው ኪሳራ የተከፈለው ከሚኒስቴሩ የሰብል ብድር ኮርፖሬሽን ነበር። ገበሬውን ግን ከየትኛው ቋት እንደወጣ አይገደውም።

በኮቪድ ምክንያት ቄራዎቹ የተዘጉት መቼ ነበር? ሱ ፎልስ በተባለችው የሳውዝ ዳኮታ ከተማ፣ አማርኛ ተናጋሪዎችን ጨምሮ በርካታ ስደተኞች የሚሠሩበት የስሚዝፊልድ የአሳማ ቄራ ላልተወሰነ ጊዜ እንደሚዘጋ ያስታወቀው ኤፕሪል 12 ነው። በዋተርሉ፣ አዮዋ፣ ያለው የታይሰን ቄራ ኤፕሪል 22 ሥራ አቆመ። በነብራስካ ዳኮታ ሲቲ ያለው የታይሰን የከብት ቄራ ደግሞ ሜይ 1 ለጽዳት ቆመ። ስለዚህ 33 ዶላር የተመደበለት ገዢ ያጣው ከብት ነው። የደረሰ ከብት ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ መኖውን ይበላል፣ ስቡ ይበዛል፣ ከተፈለገው ክብደት ሲያልፍ ቄራው ዋጋውን ይቀንሳል። አሳማ ዘንድ ይብሳል፤ የሚቀጥሉት ግልገሎች መግቢያ ቀናቸው ደርሶ ቤቱ ገና ባዶ አልሆነም።

ማመልከቻው የሚቀርበው የሚኒስቴሩ ክፍል በሆነው በፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ የካውንቲ ቢሮ ነበር። ቅጹ ራሱ ከባድ አልነበረም፣ ገበሬው ቁጥሩን ራሱ አረጋግጦ ይፈርም ነበር፤ ማስረጃውን የሚያሳየው ሲጠየቅ ነበር። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነበር። አንደኛ፣ እንደተሸጠ የሚቆጠረው ጃንዋሪ 15 ቀን በእጁ የነበረው ከብትና ከእርሱ የተወለደው ብቻ ነበር፤ ጃንዋሪ 20 የተገዛ አይገባም ነበር። ሁለተኛ፣ የበረቱ ቆጠራ የሚወሰደው ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 ባሉት አራት ሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ከፍተኛ ከነበረበት ቀን እንጂ ከወሩ መጨረሻ አልነበረም። የኤፕሪል 30ን ቁጥር ይዞ ያመለከተ ሰው በገዛ እጁ ገንዘብ ትቶ ሊሄድ ይችል ነበር። በኮንትራት የሌላ ኩባንያ አሳማ የሚያሳድገው ደግሞ ቤቱ ባዶውን ቢውል እንኳ ባለቤት ስላልሆነ በዚህ ዙር ምንም አልደረሰውም።

በኋላ እርማት መጥቷል። ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 ቀን 2020 በረት ውስጥ ለነበረ ለዕርድ የደለበ ሰንጋ በ2021 ዓ.ም. 63 ዶላር ተጨመረ፤ በዚህም ጎረቤትየው ያገኘው 9,600 ደረሰ። አሁንም ከባለ 21,400ው በ11,800 ዶላር ያንሳል፤ የደረሰውም ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። ቄራ አጥተው ተገድለው ለተወገዱ እንስሳት ካሳ ማመልከቻ የተከፈተው ጁላይ 20 ቀን 2021፣ ክፍያውም ከገበያ ዋጋው 80 በመቶ ነበር።

ቅጹ ሁለት ተጨማሪ ዓምዶች ቢኖሩት ይህ ሁሉ ይቀል ነበር፦ ከብቱ ለቄራ የደረሰበት ቀንና በእርግጥ የወጣበት ቀን። ሁለቱም በመኖ መዝገብና በሚዛን ደረሰኝ ላይ አሉ። ሚኒስቴሩ ለሚቀጥለው ቀውስ የሚያዘጋጀው ደንብ በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል የጠፋውን ዋጋና የተበላውን መኖ ይቁጠር፤ ገንዘቡ ከየትኛው ቋት እንደሚወጣ ሚኒስቴሩ ለብቻው ይወስን።