ስለ ሳንድዊች ፓነል ጥንካሬ የተሰጠ ማስተካከያ

ቀደም ሲል ኮምቦልቻ ውስጥ ለመጋዘን ገንቢዎችና ለብረታ ብረት ሥራ ቤቶች በተሠራጨው የቴክኒክ መግለጫ «ሳንድዊች ፓነል የሚጠነክረው ፎሙ ጭነቱን ስለሚሸከም ነው» የሚለው አገላለጽ ትክክል ስላልሆነ በሚከተለው ይተካ።

ሳንድዊች ፓነል በሁለት የቆርቆሮ ገጾች መካከል ፎም ያለበት የግንባታ ሰሌዳ ነው። ፓነሉ ሲታጠፍ ጭነቱን በዋናነት የሚሸከሙት ሁለቱ የቆርቆሮ ገጾች ሲሆኑ፣ አንደኛው ሲጨመቅ ሌላኛው ይወጠራል። የብረት የመለጠጥ ሞዱለስ (መለጠጥን የሚቋቋምበት ልክ) 200 ጊጋፓስካል፣ ማለትም 200,000 ሜጋፓስካል አካባቢ ሲሆን የቀላል ፖሊስታይሪን ፎም ግን በጥቂት ሜጋፓስካል የሚለካ በመሆኑ፣ የፎሙ ድርሻ ገጾቹን አራርቆ መያዝና በመካከላቸው የሚፈጠረውን የሸር ኃይል (ንብርብሮቹን እርስ በርስ ለማንሸራተት የሚገፋውን ኃይል) ማስተላለፍ ነው። ገጾቹ ቀጫጭን ከሆኑና ርቀታቸው በእጥፍ ካደገ፣ ፓነሉ መጉበጥን የሚቋቋምበት ግትርነት ወደ 4 እጥፍ ሲጠጋ፣ ገጾቹ ሳይሰበሩ የሚሸከሙት የመታጠፍ ጭነት ግን ወደ 2 እጥፍ ብቻ ያድጋል፤ መግለጫው እነዚህን ሁለት ባሕርያት እንደ አንድ ቆጥሯቸዋል። በተግባር የፎሙ የሸር መበላሸት የግትርነቱን ጭማሪ በመጠኑ ይቀንሰዋል።

በመግለጫው በአንድ መስመር የታለፈው ፎሙን ከገጾቹ ጋር የማጣበቅ ሥራ ደግሞ ሰፊ ቦታ ይገባው ነበር። ፖሊስታይሪን ተቆርጦ በማጣበቂያ የሚያያዝ ሲሆን፣ ፖሊዩሬቴን የተባለው ሌላው የፎም ዓይነት ግን በፈሳሽነቱ በገጾቹ መካከል ገብቶ እየተነፋ ራሱ ይጣበቃል። በሁለቱም አሠራር ቆርቆሮው ላይ ዘይት ወይም አቧራ ከቀረ ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ፤ ያን ጊዜ የውፍረቱ ጥቅም አብሮ ይጠፋል። ከደሴ ይልቅ ሞቃት በሆነችው ኮምቦልቻ፣ ፀሐይ የሚመታው ጠቆር ያለ ገጽ ከውስጠኛው ይበልጥ ስለሚሰፋ ይህ መላቀቅ ሊፋጠን ይችላል።

ስለ ሙቀት መከላከል የተጻፈው ክፍል እንዳለ ይጸናል።