ይድረስ ለክቡር የትራንስፖርት ሂሳብ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ደሞዜን ከእኔ ቀድመው መቀበልዎን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ለነገሩ ደህና እንደሆኑ አልጠራጠርም፤ በየጊዜው ሲወፍሩ አያለሁ። እኔ የብየዳ ተለማማጅ ነኝ። ስሜን ባያውቁትም ኪሴን በደንብ ያውቁታል፣ ጧትና ማታ ይገቡበታል።

ተለማማጅ ስንት እንደሚከፈለው ከእርስዎ የተሰወረ አይደለም። አለቃዬ ደሞዝ ብሎ ለመጥራት አፍሮ ነው መሰለኝ "የኪስ ገንዘብ" ይላታል። ችግሩ ኪሱ የእርስዎ መሆኑ ነው።

የቤት ኪራይ ጨካኝ ነው ይባላል፤ እሱ ግን ቢያንስ ወር ይታገሳል። ሆድም ቢሆን አንዳንዴ በውሃ ይሸነገላል። እርስዎ ዘንድ ዱቤ የሚባል ነገር የለም። "ደሞዝ ሲወጣ እከፍላለሁ" ብዬ አንድም ጧት ተሳፍሬ አላውቅም። ደሞዝ ለማግኘት ሥራ ቦታ መድረስ አለብኝ፣ ሥራ ቦታ ለመድረስ ደግሞ ደሞዝ ያስፈልገኛል። ይህን ቋጠሮ የፈታ ሰው ካለ አድራሻውን ይላኩልኝ፣ ቅርብ ከሆነ በእግሬ ሄጄ አመሰግነዋለሁ።

ደግሞ አድልዎ አያውቁም ይላሉ። እውነት ነው፣ ያለውንም የሌለውንም እኩል ያስከፍላሉ። ከጎኔ የተቀመጠው ባለ ከረባት ከሚተርፈው ላይ ይከፍላል፣ እኔ ከእራቴ ላይ። ከሱ ከፍ ያሉትማ ጭራሽ ከእርስዎ ጋር አይገናኙም። ደሞዛቸው ሲያድግ የትራንስፖርት አበል ይታከልበታል፣ ትንሽ ቆይቶ መኪና ከነነዳጁ ይመጣል። መክፈል የሚችለው በነፃ እየሄደ የማይችለው የሚከፍልበትን ይህን አሠራር ማን እንደፈለሰፈው ባላውቅም፣ በአውቶቡስ ሄዶ እንደማያውቅ ግን እወራረዳለሁ።

አሁን ወደ ቅናሹ ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ችሎታዎን ያደነቅኩት። ለተማሪዎች ቅናሽ አለ ሲባል ሰምቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። "ተማሪ ነህ?" አሉኝ። "እየሠራሁ ነው የምማረው" አልኩ። "እንግዲያው ሠራተኛ ነህ፣ ሙሉ ሂሳብ ክፈል።" እሺ። ሠራተኛ ከሆንኩ ብዬ አለቃዬን የትራንስፖርት አበል ጠየቅኩት። ከት ብሎ ሳቀና "አንተ እኮ ገና ተማሪ ነህ" አለኝ። ስለዚህ ጧት በአውቶቡስ በር ላይ ሠራተኛ ነኝ፣ ሥራ ቦታ ስደርስ ተማሪ እሆናለሁ፣ ማታ ስመለስ እንደገና ሠራተኛ። በአንድ ቀን እንዲህ እድገትና ዝቅታ የሚፈራረቅበት ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ደሞዙ ግን በሁለቱም ማዕረግ ያው ነው።

ወርሃዊ ትኬትዎንም አውቃታለሁ። በየጉዞው ከመክፈል ትረክሳለች፣ ጎበዝ ናት። ግን የወሩን በአንዴ መዘርገፍ ትፈልጋለች። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው የወሩን በአንዴ ከየት ያመጣል? ያ ገንዘብ በእጁ ያለው ሰው በርካሽ ይሄዳል፣ የሌለው በየቀኑ እየቆነጠረ ወሩ ሲያልቅ የበለጠ ከፍሎ ይገኛል። ለኔ ቅናሽዎ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሥራችን ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ሕንፃው ሲያልቅ እኛም እንነሳለን። የሚቀጥለው ሕንፃ ሁሌም ከተማ ዳር ነው፣ አውቶቡስ ገና ወሬውን ያልሰማበት ቦታ። (መንገዱ የሚሠራው ሕንፃው ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ እኛ የለንም።) እዚያ ለመድረስ መኪና መቀያየር ግድ ነው፣ እርስዎ ደግሞ በቀየርኩ ቁጥር አይተውኝ እንደማያውቁ ሰው እንደ አዲስ ይቆጥሩልኛል። የመሣሪያ ቦርሳዬም የሰው ቦታ ይዟል ተብሎ ይከፈልበታል። መቀመጫ ግን አይሰጠውም፣ የሚጓዘው ጭኔ ላይ ነው። ሥራ የሚጀመረው በማለዳ ስለሆነ የመጀመሪያው አውቶቡስ ትንሽ ከዘገየ ዘግይቼ እደርሳለሁ፣ ከዘገየሁ ይቆረጥብኛል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ለእርስዎ ከፍዬ፣ ከፍዬ ስለዘገየሁ ደግሞ እቀጣለሁ።

ለነገሩ የዘር ሐረግዎን አገላብጬ ሳይ ብዙም አልተገረምኩም። እ.ኤ.አ. በ1662 ፓሪስ ላይ ብሌዝ ፓስካል፣ ያ የሒሳብ ሊቅ፣ ለሕዝብ የሚሆን የፈረስ ጋሪ በቋሚ መስመርና በቋሚ ዋጋ አስጀምሮ ነበር፣ አምስት ሶል (የያኔው የፈረንሳይ ሳንቲም) ለአንድ ጉዞ። ድንቅ ሐሳብ። ከዚያ የከተማው ፍርድ ቤት ወታደር፣ አሽከርና የጉልበት ሠራተኛ እንዳይሳፈር ከለከለ። የሕዝብ ነው፣ ሕዝቡ ግን አይግባበት! ቢያንስ እነሱ ፊት ለፊት ነበር የከለከሉት። እርስዎ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው በዋጋ ይከለክላሉ፣ ይህ ትልቅ ሥልጣኔ ነው።

ከዘመዶችዎ መካከል ግን ሰው የሚመስሉም ነበሩ። እንግሊዞች በ1844 ባወጡት ሕግ የባቡር ድርጅቶች በቀን ቢያንስ አንድ ባቡር ለድሃው እንዲያስኬዱ ተገደዱ፣ ለአንድ ማይል ከአንድ ፔኒ በላይ ላያስከፍሉ፣ ደግሞም ጣሪያ ያለው። ጣሪያ በሕግ እስኪታዘዝ ድረስ ድሃው እንዴት ይጓዝ እንደነበር እርስዎ ይገምቱ። በ1883 ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሠራተኞች በቅናሽ የሚሄዱ ባቡሮች እንዲኖሩ ታዘዘ። ብዙ ሰው ርካሹ ባቡር እንዳያመልጠው በጨለማ ተነስቶ ይመጣና ሥራ ቦታው እስኪከፈት ደጅ ላይ ይጠብቅ ነበር። ወገኖቼ! ይህችን ኑሮ በደንብ አውቃታለሁ።

ከሁሉም የምወደው የብራዚሉን ዘመድዎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሕግ ሠራተኛው ለመጓጓዣ ከመሠረታዊ ደሞዙ 6 በመቶ በላይ እንዳይከፍል፣ ከዚያ የሚተርፈውን አሠሪው እንዲችለው ይላል። በሌላ አነጋገር ለእርስዎ ልጓም አስገብተውልዎታል። ሉክሰምበርግ ጭራሽ ከየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የሕዝብ ማመላለሻውን ለሁሉም ነፃ አደረገችው። ባቡር ላይ አንደኛ ማዕረግ የሚፈልግ ብቻ ይከፍላል። ልብ ይበሉ፣ እዚያ የሚከፍለው አንደኛ ማዕረግ የሚቀመጠው ነው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ቆሞ የሚሄደው።

ስለ እርስዎ ሳማርር መካሪ አይጠፋም። "በእግርህ ሂድ፣ ወጣት አይደለህ?" ይላሉ፣ ቀኑን ሙሉ ብረት ስሸከም የምውለውን ረስተው። "ሥራ ቦታህ አጠገብ ተከራይ" የሚሉም አሉ፤ ሥራ ቦታው በየጊዜው እንደሚዞር ብነግራቸውም፣ ጥሩ መንገድ ያለበት ሰፈር ኪራዩ የእርስዎ ታላቅ ወንድም እንደሆነ ብነግራቸውም አይሰሙም። "ብስክሌት ግዛ" የሚለው ግን ሐሳብ ነው፣ አልክድም። ለቅርብ መንገድ እርስዎን የሚያስለቅስ እሱ ብቻ ነው። ግን መግዣውን ይፈልጋል፣ ሥራ ቦታ ላይ የሚቆምበት የሚቆለፍ ቦታ ይፈልጋል፣ ማለዳ ጨለማ ውስጥ ከጭነት መኪና ጋር ለመጋፋት ደግሞ ሌላ ነፍስ ይፈልጋል። አሠሪ ወይም ማሠልጠኛው ብስክሌት ገዝቶ በትንሽ በትንሹ ከደሞዝ ቢቀንስ ግማሽ ችግሩ ይቃለል ነበር። ይህን ለአለቃዬ ነግሬው "እናስብበታለን" ብሏል። እያሰቡበት ነው።

ለነገሩ ጥፋቱን ሁሉ እርስዎ ላይ መጫን አልፈልግም። የድርጅታችን ፒክአፕ በየማለዳው በእኛ ሰፈር በኩል ብረት ጭኖ ያልፋል። እኔ ፌርማታ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ሾፌሩም ያየኛል፣ እጁንም ያወዛውዝልኛል፣ ሰው እንዳይጭን ተነግሮታልና አይቆምም። ስለዚህ ብረቱ በነፃ ይሄዳል፣ የሚበይደው ሰውዬ እየከፈለ ይከተለዋል። ብረቱ ቀድሞኝ ይደርሳል። ዘግይቶ ቢደርስም አይቆረጥበትም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ጥያቄዬ ትልቅ አይደለም። ሂሳቡን አሠሪዬ እንዲካፈል ይንገሩልኝ፣ እኔን አይሰማኝም። መኪና ስቀይር መንገዱ ያው መንገድ፣ ሰውየውም ያው እኔ እንደሆንኩ ያስታውሱ። ወርሃዊ ትኬቷን በሳምንት በሳምንት ከፋፍለው ቢሸጡልኝ ደግሞ እጅ እነሳለሁ። ተማሪ ነኝ ወይስ ሠራተኛ የሚለውን ከአለቃዬ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ። የቱንም ብትሉኝ እስማማለሁ፣ ብቻ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት በሉኝ።

ከሰላምታ ጋር
የዘወትር ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለአለቃዬ (በአካል አደርሳለሁ፣ ከደረስኩ)
ለፒክአፑ ሾፌር (ሲያልፍ በመስኮት እወረውርለታለሁ)