ማስተካከያ፦ የብራዚል ዋሻ ነፍሳት ደም መጣጭ አይደሉም

ስለ ብራዚል ዋሻዎች ባቀረብነው ጽሑፍ «በ2014 እ.ኤ.አ. አራት አዳዲስ ደም መጣጭ የቅማል ዝርያዎች ተገኙ» ብለን ነበር። ስህተቱ ከአንድ በላይ ነው።

እነዚህ ነፍሳት የሚመደቡበት ኒዮትሮግላ የተባለው ወገን ከሦስት ዝርያዎቹ ጋር ስም ወጥቶለት ለሳይንስ የተዋወቀው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ አራተኛው ኋላ ተጨመረ። በ2014 የወጣው ስለ መራቢያ አካላቸው የተደረገ ጥናት ነው። ብልት መሰል አካል ያላት ሴቷ ስትሆን፣ ወደ ወንዱ አስገብታ ከ40 እስከ 70 ሰዓት ተጣብቀው ይቆያሉ። (ይህን ቁጥር በትክክል ጽፈነው ነበር፤ አንባቢዎች የተጠራጠሩት ግን እሱን ነው።) የነዚህን ነፍሳት ዝርያ ለመለየት ባለሙያዎች በዋናነት የሚያዩትም የመራቢያ አካል ቅርጽን ነው።

«ደም መጣጭ» ያልነው ስማቸው አሳስቶን ነው። በእንግሊዝኛ «የዛፍ ቅርፊት ቅማል» ይባላሉ እንጂ ደም መጣጭ አይደሉም። የዋሻዎቹ የሌሊት ወፍ ኩስና በድን ይበላሉ፤ በዛፍ ላይ የሚኖሩት ዘመዶቻቸው ደግሞ ሻጋታና አልጌ ይግጣሉ። ዝምድናው ግን እውነት ነው፦ የሰውና የእንስሳት ቅማል የመጣው ከዚሁ የዘር ሐረግ ስለሆነ ዛሬ ሁሉም ሶኮዲያ በተባለ አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ይመደባሉ።