ፎጣውን ያቀበሉኝ ቀን

ሜሪላንድ ውስጥ ከምኖርበት አፓርታማ ማዶ አንድ የኤፒስኮፓል (የአሜሪካ አንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን አለ። ደጁ ላይ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የምታዩት ሰሌዳ ቆሟል፤ «የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን እንኳን ደህና መጡ ትልዎታለች» ይላል። አጠገቡ ቀይ መስቀል ያለበት ጋሻ ተስሏል። በጋሻው ሰማያዊ ጥግ ዘጠኝ ትንንሽ መስቀሎች አሉ። በ1789 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ተሰብስበው የቤተ ክርስቲያኒቱን ሕገ ደንብ ያጸደቁት ዘጠኝ ሀገረ ስብከቶች ምልክት ናቸው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳውን እያየሁ አለፍኩ። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ የኛ ደብር ግን በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። አንድ እሑድ መኪናዬ አልነሣ አለችና መንገድ ተሻግሬ ገባሁ።

በር ላይ ያሉት ሰውዬ ፈገግ ብለው ጨበጡኝ፣ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ቀረሁ። ፊቴ ሁለት መጽሐፍ አለ፣ አንዱ የጸሎት አንዱ የመዝሙር። ወረቀቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይልክሃል። ገጹን ሳገኝ ሕዝቡ ይቀመጣል፤ እኔ ስቀመጥ ይነሣል። ይሄኔ አንዲት ጠና ያሉ እናት ከኋላ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ምንም አላሉም። መጽሐፉን ገልጠው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኖሩ፤ ጣታቸው እስከ መጨረሻው አብሮኝ ሄደ። የሰላምታው ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ተጨባበጠ። እኛ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲባል እጅ የምንነሣሣው መሆኑ ገባኝ። ቁርባን ሲደርስም «የማትቆርብ ከሆነ እጅህን ደረትህ ላይ አጣምር፣ ይባርኩሃል» አሉኝ በሹክሹክታ።

ከዚያ ቡና ተባለ። ቡና ብቻውን የማይጠጣበት አገር ተወልጄ፣ የወረቀት ኩባያ ይዤ ማስታወቂያ ሳነብ ቆየሁ። ሦስት ሰው «ከየት ነህ?» አለኝ። ኢትዮጵያ ስል ሦስቱም እንጀራ እንደሚወዱ ነገሩኝና ወደ ክባቸው ተመለሱ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሳምንት ወሬያቸው ነው የናፈቃቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሬ። እንግዳ መቀበል የበረኛ ሥራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኛም አንሻልም። ተዋሕዶ ደብር ብትገባ ማን መጣ ማን ሄደ የሚል የለም፤ ነጠላህን አጣፍተህ ትቆማለህ፣ አለቀ። ጴንጤዎቹ ጋ ደግሞ «አዲስ የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ» ተብሎ ይጨበጨብልሃል። ዓይናፋር ሰው በሚቀጥለው ሳምንት የሚቀርበት አንዱ ምክንያት እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ኤፒስኮፓሎች በየዓመቱ የካቲት ወር ላይ የሚያስቡት ሰው አለ፤ አብሳሎም ጆንስ ይባላል። በባርነት ነው የተወለደው። ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኮ ሲጸልይ፣ ጥቁር ነህና ከዚህ ተነሥ ብለው ጎተቱት። እሱና ጓደኞቹ ወጥተው ሄዱ። በ1794 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ከፈቱ፣ ኤፒስኮፓሎቹም ተቀበሏቸው። ጆንስም የቤተ ክርስቲያኒቱ የመጀመሪያ ጥቁር ቄስ ሆነ። ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ደብሩ በሀገረ ስብከቱ ጉባኤ አይወከልም። ለአሥርት ዓመታት እንዲያ ቆየ። ግቡ፣ ጸልዩ፣ ውሳኔ ላይ ግን የላችሁበትም ማለት ነው። እንኳን ደህና መጡ የሚለው ሰሌዳ ይህን አይነግርህም።

እኛ አገር እንግዳ በመጣ ቀን ወርቅ ነው፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ይባላል። ለስድብ ነው የሚጠቀሙበት። እኔ ብረትነቱን ነው የምመርጠው፤ ብረት ሥራ ላይ ይውላል። መመላለስ ከጀመርኩ ሦስተኛው ወር ላይ ይመስለኛል፣ እኚያ እናት ወጥ ቤት ስኒ እያጠቡ ነበር። ሳልፍ አዩኝና ፎጣ ወረወሩልኝ። «አንተ ረጅም ነህ፣ የላይኛው መደርደሪያ ያንተ ነው» አሉ። ስኒ እያደረቅኩ የማን ዳሌ በቀዶ ሕክምና እንደተቀየረ፣ የማን ልጅ ሥራ እንደለቀቀ ሰማሁ። ስማቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው። እሳቸውም የኔን።

ጣሪያቸው ያፈሳል። ስለሱ ሦስት ስብሰባ ተጨቃጭቀዋል። ባለፈው እሑድ እኔንም ጠየቁኝ። ቆርቆሮ አድርጉት አልኳቸው። ሳቁብኝ። አንዱ ሰውዬ ግን ዋጋውን ጻፈው።