እርማት፦ ዶፓሚን የደስታ መለኪያ አይደለም

ለደብረ ማርቆስ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ምክር ስትሰጡ ብዙዎቻችሁ «ዶፓሚን (የአንጎል ነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል) የደስታ ንጥረ ነገር ነው፤ ጥናቱ ካላስደሰታችሁ አእምሯችሁ አይቀበልም» ብላችኋል። ቅን ምክር እንደሆነ ይገባኛል፤ መነሻው ግን ስህተት ነው።

የነርቭ ሳይንቲስቱ ቮልፍራም ሹልትዝ ዶፓሚን የሚያመነጩ የጦጣ ነርቭ ሴሎችን ሲከታተል፣ ጭማቂ ሳይጠበቅ ሲመጣ የሴሎቹ የኤሌክትሪክ ምልክት ጨመረ። ጦጣዋ ከጭማቂው በፊት የሚታይን ጠቋሚ ከለመደች በኋላ ግን ምላሹ ወደ ጠቋሚው ዞረ፤ ጭማቂው ሲመጣ የሴሎቹ ምልክት እንደወትሮው ሆኖ ቀጠለ እንጂ አልጨመረም። ጭማቂው እኮ ያው ጭማቂ ነው! ሲቀር ደግሞ፣ ልክ በሚጠበቅበት ቅጽበት፣ ምልክቱ ከወትሮው በታች ወረደ። ሴሎቹ የሚናገሩት በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ይህም ልዩነት ግምትን ለማስተካከል፣ ማለትም ለመማር ያገለግላል። ቡሬ ገበያ በርበሬውን በገመተው ዋጋ የሸጠ ገበሬ ግምቱን አይቀይርም፤ ዋጋው ካሰበው ሲርቅ ነው የሚቀይረው።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሹልትዝ፣ ዳያንና ሞንታግ እ.ኤ.አ. በ1997 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡትን ጽሑፍ ከፍቶ ሦስቱን ሁኔታዎች የሚያሳየውን ሥዕል ይመልከት።

የሚያሳስበኝ ሒሳብ ስላላስደሰተው ብቻ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ደብተሩን የሚዘጋው ልጅ ነው። መልሱን ሳያይ ገምቶ ሲሳሳት ደስ አይለውም፤ ግን እየተማረ ነው። እባካችሁ ይህንንም ንገሩት።